«መጫወቻ ነው» ለማለት ጊዜ የለም፦ እውነተኛ የሚመስል ሽጉጥ ልጃችሁ እጅ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ልጅ ለምታሳድጉ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግም ኑሩ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትልም ሚኒያፖሊስም። ነገሩ ኤርሶፍት (የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ)፣ ቢቢ ጋን (ትንሽ የብረት ጥይት የሚተኩስ)፣ ጄል ብላስተር (የጄል ኳስ የሚተኩስ)ና እነሱን የመሰለ፣ ከሩቅ ሲታይ ከእውነተኛው የማይለይ መጫወቻ ነው። ያነጋገርኳቸው ወላጆች አብዛኞቹ ከሁለት አንዱን ይመልሱልኛል፦ «ጫፉ ብርቱካናማ ስለሆነ ችግር የለውም»፤ ወይም «ፖሊስ ቢመጣ መጫወቻ መሆኑን ያሳየዋል»። ሁለቱም ስህተት ነው። ሁለተኛውማ ልጅ ያስገድላል።

ኖቬምበር 22፣ 2014 ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ ኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ነበር። 911 የደወለው ሰው «የውሸት ሳይሆን አይቀርም»፣ «ልጅ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ተናግሯል። ቃሉ ግን መኪና ውስጥ ላሉት ፖሊሶች አልደረሰም። መኪናው በቆመ ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ተተኮሰበት፤ በማግስቱ ሞተ። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ምንም ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ዋናዎቹ ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ቤት ውስጥ የሚያልቁት ናቸው። በኋለኞቹ ተማምናችሁ የፊተኞቹን አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃችኋል። ልጁ ቤት ያለበትን ቀን ምረጡ። ትምህርት ቤት ሲሄድ ክፍሉን ብትበረብሩበት የሚቀጥለውን ጓደኛው ቤት ነው የሚያስቀምጠው። የብረት መጋዝ፣ ወፍራም የቆሻሻ ከረጢት፣ ቁልፍ ያለው ሻንጣና ካሜራ ያለው ስልክ አዘጋጁ። ቤት ውስጥ ልጁን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ካለ፣ አያትም ትሁን አክስት፣ አብራችሁ ትቀመጥ። በር ሲንኳኳ የሚከፍተው ሁልጊዜ እናት ወይም አባት አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይግባችሁ። ፖሊስ ከተኮሰ በኋላ ሕጉ የሚመዝነው ዕቃው ምን እንደነበረ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 በግርሃምና በኮነር ጉዳይ ያስቀመጠው መለኪያ፣ ቦታው ላይ የቆመ ምክንያታዊ ፖሊስ በዚያች ቅጽበት ምን ይታየው ነበር የሚል ነው። በታሚር ጉዳይ ፖሊሱ አልተከሰሰም፤ ከተማዋ በ2016 ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፣ በዚያው አለቀ። «መጫወቻ እኮ ነበር» የሚለው ቃል ለቅሶ ቤት ነው የሚነገረው፤ ችሎት ላይ ብቻውን አያሸንፍም።

ደረጃ 1፦ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ

1. ልጁ ራሱ እንዲያወጣ ጠይቁት። «ዛሬ ያወጣኸው ምንም አያስቀጣህም» በሉትና ቃላችሁን ጠብቁ። አልጋ ሥር፣ ጋራዥ፣ ቤዝመንት፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የመኪናው ኋላ ወንበር፣ ሁሉም ይታይ። የታላቅ ወንድሙንም ጨምሩ።

2. አፈሙዛቸውን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ደርድሩ። ካርታውን (ጥይት መያዣውን) አውልቁ፤ ባትሪና የጋዝ ጣሳ ካለው አውጡ። ካርታው ቢወጣም አንድ ጥይት ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ማንም ወደ አፈሙዙ አይመልከት። ፕላስቲክ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ዓይን ያጠፋል።

3. ለእያንዳንዱ «የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ወላጅ የሚያልፈው ጥያቄ ይሄ ነው። ታሚር የያዘው የጓደኛው ነበር። ኦክቶበር 22፣ 2013 ሳንታ ሮዛ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተገደለው የ13 ዓመቱ አንዲ ሎፔዝ የያዘው ክላሽ የሚመስል ኤርሶፍትም የጓደኛው ነበር። የሁለቱም ብርቱካናማ ጫፍ አልነበረም። እናንተ ቤት ምንም ስለሌለ ልጃችሁ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ካልሠራ፦ ልጁ «ምንም የለኝም» ብሎ ድርቅ ካለ አትከራከሩ። የሚውልበትን ጓደኛውን እናት ደውላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ቤታችሁ ኤርሶፍት አለ? ልጆቹ ይዘውት ይወጣሉ?» ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። እኛ ሰው ቤት ስላለው ዕቃ መጠየቅ ነውር ነው ብለን ያደግን ነን። ቢሆንም ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ የሁለት ሰከንድ ፈተና

ፈተናውን ቤት ውስጥ አድርጉት። ውጭ ካደረጋችሁት ፈተናው ራሱ ፖሊስ ያስጠራል።

1. ሲመሽ፣ ዋናውን መብራት አጥፍታችሁ፣ አንድ አዋቂ በቤቱ ረጅሙ ኮሪደር ጫፍ ይቁም። መጫወቻውን አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ጭኑ አጠገብ ይያዘው።

2. ከሌላው ጫፍ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱ።

3. ፎቶውን ለማያውቅ ሰው ሁለት ሰከንድ ብቻ አሳዩትና ስልኩን መልሱ። «ምን አየህ?» በሉት።

«ሽጉጥ» ካለ ፈተናውን ወድቋል። ጫፉ ብርቱካናማ ነው ብላችሁ አትከራከሩ።

ስለዚያ ጫፍ ትንሽ ልበል፣ የብዙ ሰው መዘናጊያ እሱ ስለሆነ። በ1988 የወጣው የፌደራል ሕግ መጫወቻ ሽጉጥ አፈሙዙ ላይ ብርቱካናማ መሰኪያ እንዲኖረው ያዛል፤ መሰኪያው ከአፈሙዙ ጫፍ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። ነገር ግን ቢቢ፣ ፔንትቦልና ፔሌት የሚተኩሱ የአየር ሽጉጦች ከሕጉ ነፃ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ቁልጭ ያለ ጥቁር ሽጉጥ ያለምንም ምልክት የሚሸጠው በሕግ ነው። ምልክት ያለውም ቢሆን ይወልቃል፣ ይሰበራል፣ ወይም ልጁ «እውነተኛ እንዲመስል» ብሎ በጥቁር ማርከር ይቀባዋል። አፈሙዙ ወደ መሬት ከዞረ፣ ወይም ፖሊሱ ከኋላ ከመጣ፣ ጫፉ ጭራሽ አይታይም።

ፖሊሱም ጫፉን አያምንም። በ2021 ሰሜን ካሮላይና፣ ካታውባ ካውንቲ ውስጥ ኔርፍ የተባለውን የልጆች መጫወቻ እንዲመስል የተሠራ እውነተኛ ግሎክ ሽጉጥ ተይዟል። ይህን ያየ ፖሊስ ብርቱካናማ ነገር ስላየ እጁን አያሳርፍም። ደማቅ ቀለምም ሁልጊዜ አያድንም፤ በ2020 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ሲማር አረንጓዴና ጥቁር፣ ጫፉ ብርቱካናማ የሆነ መጫወቻ ስክሪን ላይ ታየና ሸሪፍ ቤቱ ድረስ ተላከ፤ ልጁም ለአምስት ቀን ከትምህርት ታገደ።

የየአካባቢው ሕግም ይለያያል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ቢቢ ጋን በሕግ የጦር መሣሪያ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ብርማ መጫወቻ ሽጉጥ መሸጥ ብቻ ሳይሆን መያዝም ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ ከ2016 ጀምሮ ኤርሶፍትና ቢቢ ጋን ደማቅ ምልክት እንዲኖራቸው ታስገድዳለች፤ ምልክቱን መቀየርም ያስቀጣል። ሥራ ቀይራችሁ ከስቴት ስቴት ስትዛወሩ ዕቃው ጭነት ላይ ከመውጣቱ በፊት የምትሄዱበትን አጣሩ።

አሁን ለዩ።

ፈተናውን ያለፈው፣ መላው አካሉ ደማቅ ወይም ብርሃን አሳላፊ የሆነ የውኃ መርጫና መሰሉ፣ ጓሮ ውስጥ ይቅር።

የወደቀው ይጥፋ። ለሌላ ልጅ አትስጡት፣ አትሽጡት፣ እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ ከገንዳው የሚያነሳው ልጅም ልጅ ነው። ባትሪውን አውጥታችሁ ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ውሰዱ። አፈሙዙንና እጀታውን በመጋዝ ቁረጡ፣ ቁርጥራጮቹን በሁለት ከረጢት ከፋፍላችሁ ጣሉ። ጋዝ ያለበትን ጣሳ ግን እንዳትቆርጡ፤ ይፈነዳል።

ልጁ ሜዳ ሄዶ ኤርሶፍት እንደ ስፖርት የሚጫወት ከሆነ ብቻ የወደቀውን ማስቀመጥ ይቻላል። እሱም በደረጃ 3 ሕግ።

ካልሠራ፦ ልጁ በራሱ ገንዘብ የገዛው ከሆነ ገንዘቡን መልሱለት። ሃምሳ ዶላር ለማዳን ብላችሁ ለአንድ ወር አታኩርፉት። የልደት ስጦታ ያመጣው አጎት ከተቀየመ ደግሞ ስልኩ ላይ ያለውን የኮሪደሩን ፎቶ አሳዩት። ከዚያ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ የሚቀረው እንዴት ይቀመጣል፣ እንዴት ይጓጓዛል

ቁልፍ ያለው ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ከወላጅ ጋር ይሁን። ሜዳው ድረስ የሚወስደው አዋቂ ነው፣ የሚጓዘውም በመኪናው የኋላ ሻንጣ ውስጥ ብቻ። አውቶቡስና ባቡር የለም። ሜዳው ፓርኪንግ ላይም ከሻንጣው አይወጣም፤ ገብተው ነው የሚከፍቱት።

በጭራሽ የማይፈቀዱ፦ ለጓደኛ ማዋስ፣ ትምህርት ቤት መውሰድ፣ መስኮት ወይም በረንዳ ላይ መያዝ፣ ወገብ ላይ መሻጥ፣ ከመኪና ውስጥ ሰው ላይ ማነጣጠር፣ ይዞት ቪዲዮ ተነስቶ መለጠፍ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሽጉጥ የሚመስልን ነገር ከሽጉጥ ለይተው አያዩትም። ጄል ብላስተር ይዘው መንገደኛ ላይ ለቲክቶክ የሚተኩሱ ልጆች ያለፉትን ዓመታት የፖሊስ መዝገብ ሞልተውታል፤ የተተኮሰበት ሰው እውነተኛ ሽጉጥ የታጠቀ ሊሆን እንደሚችልም ለልጃችሁ ንገሩት። ይህ አገር ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ፖሊሱ ብቻ የታጠቀበት አገር አይደለም።

ደረጃ 4፦ ልምምድ (ይህን በቃል ብቻ አታስተምሩ)

ባለፈው ዓመት ከእህቴ ልጅ ጋር ሳሎን ውስጥ ሞከርነው። 12 ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሕጉን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። የወጥ ማማሰያ አስያዝኩትና ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩት። ከኋላው ድምፄን ከፍ አድርጌ «ድሮፕ ኢት!» አልኩ። ዞረ። ማማሰያውን እንደያዘ፣ ሙሉ ሰውነቱን ወደ እኔ አዞረና ወደ ላይ አንስቶ፣ እየሳቀ «አጎቴ፣ ማማሰያ እኮ ነው!» አለኝ። እህቴ ከኩሽና በር ላይ ሆና አየችው። ማንም አልሳቀም።

አንዲ ሎፔዝም ዞሯል። ምክትል ሸሪፉ ከኋላው ጮኸበት፤ ልጁ ድምፁን ሰምቶ ሲዞር የያዘው ነገር አብሮት ዞረ፤ ስምንት ጥይት ተተኮሰ፣ ሰባቱ መቱት። የተጠራ ልጅ መዞሩ ተፈጥሮ ነው። ንጹሕ መሆኑን የሚያውቅ ልጅም ዕቃውን አንስቶ ማሳየት ይፈልጋል። ልምምዱ የሚያስፈልገው ይህን ለመስበር ነው፤ በአንድ ቀን አይሰበርም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ባለህበት ድርቅ በል። አትዙር፣ አትሩጥ፣ አንድ እርምጃም አትጨምር።

2. «ጣለው» ሲሉህ ጣቶችህን ብቻ ክፈት። ዕቃው ራሱ ይውደቅ። ጎንበስ ብለህ ቀስ አድርገህ አታስቀምጠው፤ ቢሰበርም ይሰበር። «አትንቀሳቀስ» ካሉህ ግን ጣትህንም አታንቀሳቅስ፣ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ጠብቅ።

3. ባዶ እጆችህን ጣቶቹን ዘርግተህ ከሰውነትህ አርቅ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ ላይ።

4. አሁን፣ እጅህ ባዶ ከሆነ በኋላ ብቻ፣ ሳትንቀሳቀስ በአፍህ ተናገር፦ «ኢትስ ኤ ቶይ። አይም ተርቲን።» ዕድሜህን ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

5. ወደ ወደቀው ዕቃ አትመልከት፣ በእግርህም አትግፋው። ኪስ ውስጥ ያለውን መታወቂያም ስልክም ሳትጠየቅ አታውጣ።

ሁለት የኛ ልማዶች እዚህ ላይ አደጋ አላቸው። አንደኛው ደረት ላይ እጅ ማድረግ ነው፤ እኛ ጋ «ከልቤ ነው» ማለት ሲሆን ለፖሊሱ ግን እጅ ወደ ጃኬት ውስጥ ሲገባ ይመስለዋል። ሁለተኛው ትልቅ ሰው ሲቆጣ አንገት ደፍቶ ዝም ማለት ነው። ልጁ አንገቱን ቢደፋ ግድ የለም፤ እጆቹ ግን አብረው እንዳይወርዱ አለማምዱት።

ማማሰያ፣ ሪሞት፣ ጥቅል ጋዜጣ፣ በማንኛውም ተለማመዱ። መጫወቻ ሽጉጡን ግን ለልምምድ አትጠቀሙበት። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ጩኹ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ትእዛዝ እየጮሁ ሞክሩት፤ እውነተኛው ነገር ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ያን ጊዜ የልጁ ሥራ እጁን ባዶ አድርጎ ድርቅ ማለት ነው፣ ማንን እንደሚሰማ መምረጥ አይደለም።

ካልሠራ፦ ልጁ ቢስቅ አትቆጡ፣ ድገሙት። ቢሮጥ ግን ቁም ነገር ነው። ጁን 28፣ 2024 ዩቲካ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ከምያንማር በስደት የመጣ ቤተሰብ የ13 ዓመት ልጅ ፖሊስ ሲያስቆመው ሮጠ። ግሎክ የሚመስል የአየር ሽጉጥ ይዞ ነበር፤ እየሮጠም ወደ ፖሊሶቹ አዞረው። አንዱ ፖሊስ ጥሎት መሬት ላይ እያሉ ተተኩሶበት ሞተ። ልጃችሁ የሚሮጥ ዓይነት ከሆነ ስለ መሮጥ ብቻ ለብቻው ተነጋገሩ፣ ያለ ቁጣ።

እውነቱን ልናገር፦ ታሚርን ይህ ልምምድ ባላዳነው ነበር። ሁለት ሰከንድ ለቅደም ተከተሉ የመጀመሪያ እርምጃም አይበቃም። ለዚህ ነው ደረጃ 2ን አትዝለሉ ያልኩት።

ደረጃ 5፦ ስልኩ

ሀ. ደዋዩ እናንተ ስትሆኑ። ሰፈር ውስጥ ሽጉጥ የመሰለ ነገር የያዘ ልጅ አያችሁ እንበል። የምታውቁት ልጅ ከሆነና መጫወቻ መሆኑን ካወቃችሁ ለእናቱ ደውሉ፣ ለፖሊስ አይደለም። ካላወቃችሁና አደጋ ከመሰላችሁ 911 ደውሉ፤ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። ልጅ ይመስላል? «ልጅ ነው፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ይሆነዋል» በሉ። መጫወቻ ሊሆን ይችላል? በሉ። ሰው ላይ አነጣጥሯል ወይስ አላነጣጠረም? በሉ። ከዚያ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የተናገራችሁትን መልሳ እንድታነብላችሁ ኦፕሬተሯን ጠይቁ፦ «ልጅ መሆኑንና መጫወቻ ሊሆን እንደሚችል ለፖሊሶቹ ነግረሻቸዋል?» የክሊቭላንዱ ደዋይ ተገቢውን ሁሉ ብሏል፤ የጠፋው ከእሱ በኋላ ነው።

ለ. ልጁ የእናንተ ሆኖ ሌላ ሰው እንደደወለ ስትሰሙ። ወዲያው እናንተም 911 ደውሉ። ልጁ ጋ ደውላችሁ «ቶሎ ና» አትበሉት፤ ስልኩን ለማውጣት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ወይም ይሮጣል። ለኦፕሬተሯ በዚህ ቅደም ተከተል ንገሩ፦ ቦታው፤ «ማይ ሰን ኢዝ ተርቲን»፤ የለበሰው ልብስ ቀለም፤ «ኢት ኢዝ ኤ ቶይ ገን፣ ኖት ሪል»፤ «ፕሊስ ቴል ዘ ኦፊሰርስ ናው»። ይህን ወረቀት ላይ በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። አያት ማንበብ ትችላለች፤ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ እናንተም ታነቡታላችሁ።

ካልሠራ፦ እንግሊዝኛው ከጠፋባችሁ «አምሃሪክ» የምትለውን አንድ ቃል ደጋግሙ። አስተርጓሚ በስልክ ያገናኛሉ፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያ «ቶይ ገን፣ ቻይልድ» በሉ፣ ከዚያ «አምሃሪክ»።

ልጁ ራሱን ሊጎዳ አስቦ ይሆናል ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ ይህንንም አትደብቁ፤ ለኦፕሬተሯ ንገሩ። አደጋው ገና ካልደረሰ 988 የሚባለው መስመር ሌሊትም ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ቦታው ላይ ስትደርሱ፣ ወይም ፖሊስ በር ላይ ሲመጣ

ከደረጃዎቹ ሁሉ ለወላጅ የሚከብደው ይሄኛው ነው። ታሚር ሲመታ የ14 ዓመት እህቱ ወደ እሱ ሮጠች፤ መሬት ላይ ጥለው በካቴና አስረው ፖሊስ መኪና ውስጥ አስገቧት። እናቱ ስትደርስም ካልተረጋጋች እሷም መኪና ውስጥ እንደምትገባ ተነገራት። ጩኸታችሁና ሩጫችሁ ልጁ ላይ ያነጣጠረውን ፖሊስ የበለጠ ያስደነግጠዋል፤ ልጁም ድምፃችሁን ሰምቶ ይዞራል።

1. ከሩቅ ቁሙ። እጆቻችሁ ባዶ፣ ከጋቢና ከነጠላ ውጭ ይሁኑ። ቦርሳ ውስጥ አትግቡ።

2. ለልጁ ሳይሆን ለፖሊሱ ተናገሩ፦ «አይ አም ሂስ ማዘር። ሂ ኢዝ ተርቲን። ኢት ኢዝ ኤ ቶይ።» ለልጁ በአማርኛ አትጩኹ፤ ፖሊሱ የማይገባው ቋንቋ ምን እንደሚያዝ አያውቅም።

3. ልጁ ከተጎዳ አምቡላንስ መጠራቱን በየደቂቃው ጠይቁ። ክሊቭላንድ ውስጥ ልጁ የመጀመሪያ እርዳታ ያገኘው አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ በአጋጣሚ አቅራቢያ የነበረ የኤፍቢአይ ሠራተኛ ሲደርስ ነው።

4. ፖሊስ ቤት ከመጣ በሩን ከፍታችሁ ባዶ እጃችሁን አሳዩ። «ሽጉጡ የት ነው?» ሲባል ቦታውን በቃል ንገሩ፤ «ላምጣው» ብላችሁ አትሂዱ፣ ልጁንም አትላኩ። ይህ የማማሰያው ስህተት በአዋቂ ሲደገም ነው። የፍተሻ ማዘዣ ካልያዙ መግባቱን እንደማትፈቅዱ በእርጋታ መናገር መብታችሁ ነው፤ ገፍተው ከገቡ ግን በእጅ አትከላከሉ።

ደረጃ 7፦ ከዚያ በኋላ ያሉት ሰዓታትና ቀናት

ማንም ባይጎዳም ነገሩ አላለቀም። የኛ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ከእፎይታ ብዛት። «ልጄ፣ የምትደብቀው የለህም፣ ለመኮንኑ ሁሉንም ንገረው» የሚል አባት አይቻለሁ። ልጁ የተናገረው እያንዳንዱ ቃል መዝገብ ላይ ሰፈረ።

1. ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይማር፦ «አይ ዋንት ኤ ሎየር ኤንድ ማይ ፓረንትስ።» ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ካሊፎርኒያ ውስጥ በቁጥጥር ሥር ያለ ታዳጊ ከመጠየቁ በፊት ጠበቃ እንዲያማክር ሕግ ያስገድዳል፤ ፖሊሱ ሳያነሳው ቢቀር እናንተ አንሱት። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

2. በዚያው ሌሊት ጻፉ። ሰዓቱን፣ የመኪናውን ቁጥር፣ የመኮንኖቹን የደረት ቁጥር፣ ማን ምን እንዳለ። ልጁ የለበሰውን ልብስ ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ። የመጫወቻው ደረሰኝና ማሸጊያ ካለ አትጣሉ።

3. ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። እድሩ ይወቀው፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ይወቅ፤ ኢንተርኔቱ ግን ጠበቃው እስኪያይ ይቆይ።

4. የቦዲ ካሜራውና የ911 ድምፁ እንዲጠበቅ በጽሑፍ ጠይቁ። ከአካባቢው ሱቅና ከጎረቤት የበር ካሜራ የተቀረጸውን በዚያው ሳምንት ጠይቁ፤ ብዙው በራሱ ይጠፋል።

5. ቀን ቁጠሩ። ከተማን ወይም ካውንቲን ለመክሰስ ብዙ ቦታ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስታወቂያ ማስገባት ግዴታ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው፦ ኒው ዮርክ 90 ቀን፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ዲሲ 6 ወር፣ ሜሪላንድ አንድ ዓመት። «ልጁ ይረጋጋ፣ ከዚያ እናያለን» ተብሎ ያለፈ ቀን ማንም አይመልሰውም።

6. ግሪን ካርድ ላይ ከሆናችሁ ወይም የጥገኝነት ጉዳያችሁ ካልተዘጋ፣ ልጁ ማንኛውንም ጥፋት ከማመኑ በፊት ወረቀቱን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው። የታዳጊ ፍርድ ቤት ውሳኔ በአጠቃላይ ለኢሚግሬሽን እንደ ወንጀል ፍርድ አይቆጠርም፤ ልጁ እንደ አዋቂ ከተከሰሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የወንጀል ጠበቃው ይህን ላያነሳው ይችላል።

ካልሠራ፦ ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ ለታዳጊዎች የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አለ፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ በዚያው ሳምንት «ለውይይት» ቢጠራችሁ ውይይቱ የቅጣት ችሎት ሊሆን ስለሚችል ደብዳቤውን ለጠበቃው አሳዩ።

ከወራት በኋላ ደግሞ ስልክ ሊመጣ ይችላል፦ የተያዘውን መጫወቻ መጥታችሁ ውሰዱ የሚል። ጠበቃው ሳያውቅ አትሂዱ፤ ፈርማችሁ የምትረከቡት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ጠበቃው «ውሰዱት» ካለ አዋቂ ብቻውን ይሂድ፣ የተዘጋ ሻንጣ ይያዝ፣ ልጁ ቤት ይቆይ። መጋዙን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ የት እንዳስቀመጣችሁት አስታውሱ።